ባዶ ኮርቻ ይዞ የመጣው ዳማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ዛሬ አርጅቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ እትዬ ትርንጎን ግን አልረሳኋቸውም። ብቻዬን ስሆን እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ብቻዬን ያልሆንኩበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከፈረስ ጋር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መስክ ላይ ፈረስ እገራለሁ፣ ለጎረምሶች ግልቢያ አስተምራለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ይመስል «የኔታ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ለማጅ ፈረስ ሁሉ በዚያ መስክ ከእጄ ጨው ይልሳል። ስለዚህ እኔ የገራሁት ፈረስ ጋላቢው ከጠፋው የትም ይሁን የት ዞሮ ወደ መስኩ ይመጣል። በዚህ እኮራ ነበር።

ጣሊያን ሲመጣ ተማሪዎቼ ፈረሶቻቸውን ይዘው ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ አርበኞቹ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። አንድ አልገራ ያለ ፈረስ ላዬ ላይ ወድቆ ዳሌዬን ሰብሮኝ ስለነበር ጫካ ለጫካ መሮጥ አልችልም። ሚስቴም ቀደም ብላ አርፋለች። መስኩ ላይ እኔና ሣሩ ቀረን።

ከዚያ ፈረሶቹ መመለስ ጀመሩ። ኮርቻው ባዶ ሆኖ ሲመጣ ባለቤቱ ወድቋል ማለት ነው። በአገራችን ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ላይ ይዞራል፤ ፈረሱ የሌለበት ለቅሶ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ፈረሱን እየሳብኩ ለቤተሰቡ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ እናት ከሩቅ አይታኝ ትጮሃለች።

ቀስ በቀስ ሰው ይፈራኝ ጀመር። ፈረስ ስቤ ሳልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን ጠርተው በር ይዘጋሉ። ባዶ እጄን ገበያ ስወጣ እንኳ «ደግሞ የማንን ይዞ መጣ?» ይባላል። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ጫካ የላከው ልጅ አለው። ግን ሆድ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ለፈረስ የምለው «ና» እና «ቁም» ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ዳማው መጣ። ስማቸው የተባለ ተማሪዬ የሚጋልበው ቀላ ያለ ፈረስ ነው። ስማቸው ከተማሪዎቼ ሁሉ የምወደው፣ ሲስቅ ከኮርቻው ሊወድቅ የሚደርስ ልጅ ነበር። ኮርቻው ባዶ መሆኑን ሳይ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። የዳማው አንገት ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ አንገቱ ላይ ገመድ አስገባሁና፣ ባንዳ እንዳያገኘኝ ዋናውን መንገድ ትቼ፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው የእግር መንገድ ወደ እናቱ ሄድኩ።

እናቱ እትዬ ትርንጎ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከስማቸው ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ ደረስኩ። አዩኝ። አልጮሁም። ቀስ ብለው መጥተው ፈረሱን ዙሪያውን ዞሩት።

«ልጓሙን ማን ፈታው?» አሉኝ።

ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

«ልጓሙን ነው የምልህ! አንተ ነህ ከአፉ ያወጣኸው?»

ዞሬ አየሁ። ልጓሙ ከዳማው አፍ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በወዲያኛው ጎን ከኮርቻው ጋር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ፈረሱ እየጋጠ እንዲሄድ ታስቦለት ነው። ተመትቶ የወደቀ ሰው ደግሞ ልጓም ፈትቶ አያስርም። ይህን ያህል ዘመን ከፈረስ ጋር ኖሬ፣ መርዶ ማድረስ ስለለመድኩ ብቻ፣ ይህን ሳላይ ያን ሁሉ መንገድ እያለቀስኩ መጥቻለሁ።

«አልሞተም» አልኩ። ገብሱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እሳቸውም ያን ጊዜ አለቀሱ። ሲጨርሱ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ተነስ፣ ግባ፤ እህል ቅመስ» አሉኝ። የሰው ቤት ከገባሁ ቆይቼ ነበር። አይሆንም፣ ልሂድ አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ሰው፣ ይኸን ሁሉ መርዶ ስታደርስ አንተን ማን አጽናናህ?»

ገባሁ፤ በላሁ።

ስማቸው ፈረሱን የለቀቀው ባንዳ ሲያስሳቸው ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ስለነበር፣ ማሽካካቱ እንዳያስይዛቸው ብሎ መሆኑን ኋላ ሰማን። ሲመቸው መጥቶ ዳማውን ወሰደ። በመስኩ በኩል ሲያልፍም «የኔታ፣ ገደሉኝ አሉ!» ብሎ ስቆብኝ ሄደ።

ከክረምቱ በኋላ ዳማው እንደገና መጣ። ልጓሙ አፉ ውስጥ ነው፤ ኮርቻው ላይም ደም አለ። ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ለሌላው ሁሉ ሄጃለሁ፤ ያን ፈረስ ስቤ እትዬ ትርንጎ ደጅ መድረስ ግን አቃተኝ። ዳማውን ይዤ መስኩ ላይ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አንዲት ሴት ብቻዋን ቁልቁለቱን ስትወርድ አየሁ። እትዬ ትርንጎ ናቸው። ዳማው በመንደራቸው ሲያልፍ አይተውታል። ልጓሙንም አይተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«እኔ እኮ ልመጣ ነበር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው» አሉኝ። «ያን መንገድ ዛሬም ብቻህን እንዳትመጣው ብዬ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጡና አብረን አለቀስን። ከዚያ እሳቸው በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን ሆነን ዳማውን ወደ መንደራቸው ይዘን ሄድን። እሳቸውን ያየ ሁሉ ከቤቱ እየወጣ ተከተለን። እኔም ከለቀስተኛው መሀል ነበርኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ማስተማሬን ቀጠልኩ። እትዬ ትርንጎ አርፈዋል። ልጅ አልወለድኩም፤ ዛሬም የምኖረው ብቻዬን ነው። ያን ቀን ያደረጉልኝን ሳስብ ግን እንባዬ ይመጣል። አንድ ልጃቸው የሞተባቸው እሳቸው፣ የተጽናናሁት እኔ። እኔ ብሆን ኖሮ የማደርገው አይመስለኝም።