ቶሌራ ያመጣው ጋቢ

ቶሌራ በቁሜ ገድሎኝ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የጥንት ሮማውያን ሸንጎ ያለበት የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል። «አዮ፣ አንድ አሮጌ ሹም ያለ ጠብ ከወንበሩ የሚነሳው እንዴት ነው?» አለኝ፤ «አዮ» የሚለኝ እንደ እናቱ ስለሚያየኝ ነው። እኔ የነቀምቴው ሰፈራችን እድር ዳኛ አይደለሁ? «በሰው ፊት አመስግነህ፣ ጋቢ አልብሰህ፣ ‹ደክመዋል፣ ይረፉ› ትለዋለህ። መርቆህ ይወርዳል» አልኩት።

አርብ ከሰዓት ጋቢ ይዞ ከች አለ። ከኋላው ዲንሳ፣ ወንበሬን ሲመኝ ያረጀው ምክትሌ! በራሴ ምክር ሊያወርዱኝ ነው ብዬ ጮህኩ።

«ከነጋቢህ ውጣ! አልደከመኝም!»

«ኧረ አዮ፣ ምክርዎ ጨዋታው ላይ ሠራልኝ። ይሄ የምስጋና ነው። አቶ ዲንሳ ስለ ነገው ስብሰባ ሊነግሩዎት መጥተው በር ላይ ተገናኘን።»

ተመስገን፣ ነፍሴ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት፣ እድርተኛው ሁሉ ፊት፣ ጋቢውን ለዲንሳ አለበስኩትና «ደክመሃል፣ እረፍ» አልኩት።