ከጆንያ በታች ሞተር አይነሳም

እውነቱን ልናገር፣ ቀንቻለሁ። እህል እስኪያስጠላኝ ቀንቻለሁ። ያስቀናችኝ ደግሞ አንዲት ወፍጮ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከደጄ ፊት ለፊት ጎረቤቴ የተከለቻት።

የኛ ወፍጮ ያባቴ ነው። ቆቦ ላይ ወፍጮ ሲባል እሱ ነበር፤ ከዋጃና ከሮቢት ሳይቀር ማሽላ በግመል ተጭኖ ይመጣለታል። አባቴ ያወረሰኝ ደንብ አንድ ነው፤ ከጆንያ በታች ሞተር አይነሳም። ለጣሳ እህል ናፍጣ ማቃጠል ሞኝነት ነው ይል ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

የጎረቤቴ በመብራት የምትሠራ ትንሽዬ ናት። ባየኋት ቀን "ይቺ ደግሞ የበርበሬ ናት?" ብዬ ሳቅኩ። ለሾርባ የሚሆን ገብስ፣ ለእራት የሚበቃ ማሽላ በጣሳ በጣሳ ትፈጫለች። ለኔ ፍርፋሪ ነው። ይልቅ ትልልቆቹን ደንበኞች አጥብቄ ልያዝ ብዬ ሁለተኛ ድንጋይ አስተከልኩ።

የናቁት ወንድ ያስረግዛል አሉ። ሴቶቹ ጣሳውን ለመዱና ቁናውን አስከተሉ፤ ከቁናው ጆንያው። እኔ የሞተሩን ቺንጋ የማጠብቅ መስዬ ደጄ ላይ ቆሜ፣ ተራ ይዘው ሲሳሳቁ አያለሁ። ሳቃቸው ሳይቀር ያናድደኛል። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ። እነሱ ግን እስኪመጣ እዚያው ቁጭ ይላሉ እንጂ ወደኔ አይሻገሩም።

አንድ የገበያ ቀን የዋጃው ሰው፣ ያባቴ የጥንት ደንበኛ፣ ግመሉን ጎረቤቴ ደጅ አንበረከከ። ተሻገርኩና "መንገድ ሳትክ እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ አልሳትኩም ወንድሜ። የቤቴ ሰዎች እዚህ አስፈጭ ብለውኝ ነው።"

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ላዋርዳት ብዬ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። "ለመሆኑ አንቺ ይቺን ወፍጮ ከየት አመጣሻት?"

"ወላሂ ከዕቁብ ነው" አለች። "የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለባለቤትህ ነበር። እሷ ናት ተራዋን የለቀቀችልኝ። አልነገረችህም እንዴ?"

ቤቴ ገብቼ ሚስቴን ጠየቅኳት። ከምትለቅመው ማሽላ ቀና አላለችም።

"ሴቶቹ ጣሳ ይዘው ሲመጡ ትመልሳቸዋለህ። ለቅሶ ቤት አጠገባቸው ተቀምጬ የማፍረው ግን እኔ ነኝ" አለችኝ። "ትንሽ ወፍጮ እንትከል ብዬ ስንቴ ለመንኩህ። ሳቅክብኝ።"