ፕሮኽላዳ በማንጎ ስር

መርሳ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቀትር በደረሰ ቁጥር በአጥር እየተያዩ በፈረንጅ ቋንቋ ይጣሩ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አባቴ በወጣትነቱ ራሺያ ሄዶ የትራክተር ጥገና ተምሯል። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ደግሞ ቡልጋሪያ አትክልት ልማት ተምረዋል። የማንጎው ጥላ ግቢያችን ላይ ሲደላደል አባቴ «ፕሮኽላዳ!» ብሎ ይጮሃል። ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋሻ ነገር ማለት ነው። ከወዲያ «ኽላድ!» የሚል መልስ ይመጣል። ዘሩ አንድ ነው፣ የሳቸው ቡልጋሪያኛ መሆኑ ነው እንጂ። ከዚያ መቀመጫ ዱካቸውን አንጠልጥለው ከች ይላሉ።

«የናንተ ቃል «ፕሮ» የሚለውን ጭንቅላቱን የት ጣለው?» ይላል አባቴ።

«ወላሂ፣ ባርኔጣ የጫናችሁበት እናንተ ናችሁ!»

ይህን ጭቅጭቅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የአባቴ የመጨረሻ በጋ ላይ ሙቀቱ በጣም አደከመው። እኔ ወልድያ ቢሮ ተቀምጬ ቦርጭ የማሳድግ ልጁ ቬንትሌተር ገዝቼ መጣሁ። አልጋው አጠገብ ተከልኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ራሴን በጣም አደነቅሁ።

በሳምንቱ ስመለስ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ሰውዬው ከመጣ ሳምንቱ» አለኝ። «ሳልታረቀው እንዳልሞት።»

ወደ ጎረቤታችን ሮጥሁ።

«አባትህ ብርድ በሽቦ አስገባ አሉ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ተጣራሁ፤ ዝም አለኝ። ጥላ ልለምነው ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ አልሰማዎትም እኮ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። የገዛሁትም እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተማ ድሮም ስታግዝ ነው የምታበላሸው።» ዱካቸውን አነሱ።

አባቴ ሲያያቸው ለመነሳት ታገለ። «ተኛ፣ ተኛ» አሉትና ቬንትሌተሩ ፊት ተደላድለው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«እህስ?» አለ አባቴ።

«ይሄ ኽላድ አይደለም፤ የሶፊያ ጥር ነው!»

«የሞስኮን ጥር አላየኸውማ!»

ለኔ መቀመጫ ስላልተረፈ ማንጎው ስር ብቻዬን ወጣሁ። ከማሽኑ ድምፅ በላይ ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። በኋላ የማሽኑን ጩኸት ላስጠግን ብል ሁለቱም እምቢ አሉኝ። መጮሁ ጥሟቸው ነበር።