አምስት ቁጥር

የሶዶው ባለሱቅ ኑሪ የሰውየውን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የማሊያውን ቁጥር ነው፤ እሱም በእጥበት ብዛት ደብዝዟል። ሰውየው ብርሃን ስለሚያመው ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ይመጣና ባንኮኒውን ተደግፎ፣ «ስንት ለስንት ነን?» ይላል።

በ1992 ዓ.ም. ሰውየው ለከተማው ክለብ ሲጫወት፣ ኳስ በቴስታ ሊመታ ዘሎ ከአጥቂው ጋር ራስ ለራስ ተጋጨና ተዘረረ። አናቱ ላይ ውሃ ሲያፈሱበት ደጋፊው ሁሉ «ይግባ! ይግባ!» አለ። ኑሪም ድምፁ እስኪዘጋ ጮኋል። ሰውየው እየተንገዳገደ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው አላለቀለትም።

«እየመራን ነው» ይለዋል ኑሪ።

«እንግዲያው ልግባ!» ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ኑሪ ዱካውን ይስብለታል።

«አረፍ በል ወንድሜ። አሰልጣኙ ቀይሮሃል።»