ለአማቴ ያስተረጎምኩላቸው የህንድ ፊልም

የባለቤቴ እናት ከደሴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከእኔና ከእሳቸው በላይ ጨዋ ሰው አልነበረም። «እንዴት አደሩ እማዬ?» «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።» ከዚያ ዝም። ከሥራ ስመለስ የኪችኑ ካቢኔት ተገለባብጦ ይጠብቀኛል፤ ስኳሩ በጨው ቦታ፣ ድስቱ በሳህን ቦታ። በርበሬ ፍለጋ ሁለት ቀን ስንከራተት እንኳ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ አሌክሳንድሪያ ሥራ ላይ ነበር። ለሁለታችን የሚሆን ፊልም ስፈልግ ቲቪው ላይ ሳሪ የለበሰች ሴት ብቅ አለች። እማዬ ቀና አሉ።

«ህንድ ነው? ተይው እስቲ። በልጅነታችን ሲኒማ ቤት ገብተን ስንቱን አልቅሰንበታል።»

ፊልሙ የአማትና የምራት ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ። ንግግሩ ሂንዲ፣ ከስር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ገና ሲጀመር አማቲቱ ምራቷን «እናትሽ ወጥ መሥራት ሳታስተምርሽ ነው የዳረችሽ» አለቻት።

«ምን አለች?» አሉ እማዬ።

አማቴ አጠገብ ተቀምጬ ይህን እንዴት ልበል? «ደክሞሻል፣ አረፍ በይ አለቻት» አልኩ።

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ታለቅሳለች?»

«ደስ ብሏት ነው።»

ትንሽ ቆይቶ አማቲቱ ትሪውን ከነምግቡ መሬት ላይ ወረወረችው።

«አሁንስ?»

«ምግቡ... ቀዝቅዟል አለች።»

እማዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጄ፣ እንግሊዝኛ ባላውቅ ፊት ማንበብም ያቅተኛል? በይ ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

ከዚያማ ስድቡን ሁሉ እንደወረደ ነገርኳቸው። እማዬ ለምራቲቱ ወገኑ። «አንቺ ክፉ! የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?» እያሉ ቲቪው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ወዲያው አማቲቱ ማድቤት ገብታ የምራቷን ዕቃ እያወረደች እንደ ራሷ ፍላጎት መደርደር ጀመረች። ይህ ትርጉም አላስፈለገውም። እማዬ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«እኔም አድርጌዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከፍቶሻል?»

«ትንሽ። በርበሬውን ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ እማዬ።»

ፊልሙን አቆምኩት።

«እኔ ምራት ሳለሁ አማቴ ፊት ውሃ እንኳ የምጠጣው ፊቴን አዙሬ ነበር» አሉ። «አንቺን እንዲያ ላላደርግ ምዬ ነው የመጣሁት። ግን አንቺም ትወጫለሽ፣ እሱም ይወጣል፣ ሳህኑን ማሽን ያጥበዋል። ቀኑን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ያገኘሁት ሥራ እሱ ብቻ ሆነ።»

እኔ ደግሞ ባልትናዬን የናቁት መስሎኝ ነበር የከረምኩት። ሥራ መፍታት እንዳሠቃያቸው አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። አፍሬ አንገታቸው ስር ገባሁ። ቀሪውን ፊልም እንደዚያው ሆነን አየነው።

ባለቤቴ ሲገባ ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቃቅፈን እናለቅሳለን። ቦርሳውን ጥሎ «ማን ሞተ?» አለ።

«ዝም በል» አሉት እናቱ፣ «ሊታረቁ ነው።»

በማግስቱ ከቸርች መልስ ካቢኔቱን አብረን ደረደርን። የማክሰኞና የሐሙስ እራት የእሳቸው ሆነ፤ በእነዚያ ቀናት እኔ ኪችን ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ትኩስ ሽሮ ሲጠብቀኝ ክልከላው እንዴት እንደጣመኝ!

ወሬው ቸርች ደረሰ። በሌላ ቅዳሜ የእሳቸው እኩያ የሆኑ እናት ምራታቸውን አስከትለው ከአናንዴል መጡና ሌላ የህንድ ፊልም ከፈትን። ክፉ ቃል ሲመጣ ልጅቷ እንዳላስተረጉመው በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን አስተረጎምኩት።

እንግዳችን ወደ ምራታቸው ዞሩ። «እኔ እንዲህ እናገርሻለሁ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «አንዳንዴ» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሴትዮዋ ራሳቸው ነበሩ።