እስከ እረፍት ብቻ

ተናኘወርቅን በዕድሜዋ እንደ ርዕሰ መምህሩ እንደ አቶ ቸኮል ቢሮ ያንገሸገሻት ቦታ የለም። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም መስፋት ከጀመረች አሥር ዓመት ሆኗታል። የማን ልጅ እንደ ወፈረ፣ የማን እንደ ከሳ ከእናቶቻቸው ቀድማ ታውቃለች። በ1988 ዓ.ም. ግን የገዛ ልጇን ቀሚስ ከወገቡ ሁለት ጊዜ አጠበበችው፤ ያውም ገና ጥር ሳይገባ።

ልጅቷ ትሩፋት ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አምስተኛ ክፍል። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትጨርስ ሆዷን ትይዝና በር ላይ ታስመልሳለች። ጸበል ተጠመቀች፣ ሰገራዋ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ የክሊኒኳ ነርስ ይሄ ጭንቀት ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ፈርታለች ብላ ወረቀት ጻፈችላት። እናት ልጇን አስቀምጣ ለመነቻት። እስከ እረፍት ብቻ ከሆነ እችላለሁ አለች ትሩፋት። ለምን እስከ እረፍት ስትባል ተነስታ ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች። እንዲህ እየቀረች ከሰነበተች ክፍል መድገሟ ነው፤ ከደገመች ደግሞ ያንን ግቢ ዳግመኛ እንደማትረግጠው ተናኘወርቅ ታውቃለች። ጨርሶ ከሚቀር ግማሹ ይሻላል ብላ ልትለምን ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ቸኮል የነርሷን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። ግማሽ ቀን የሚማር ተማሪ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራት። ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለ፣ አመጣች። ማኅተሙ ደብዝዟል አለ፣ ተመልሳ አስመታች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ የልጅቷን ነገር ትቶ የመስኮቱን አነሳ። ፀሐዩ አላሠራ ብሎታል፣ እሷ ደግሞ እጇ የተባረከ ነው አሉ፣ ጨርቁም ይኸው ተገዝቶ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ወይ ጉድ! የሰው ልጅ በየማለዳው አንጀቷ ሲገለበጥ እሱ መጋረጃ ያስለካል። ምን ታድርግ፤ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መስኮቱን ለካች።

መጋረጃው በተሰቀለ ማግስት ፈቃዱ ተፈረመ። ትሩፋት እስከ እረፍት ተምራ ወደ እናቷ በረንዳ ትመጣለች። ከስፌት መኪናው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጓደኛዋ ማርቲ ከትምህርት መልስ የምታመጣላትን ደብተር ትገለብጣለች። ምሳዋንም ጥርግ አድርጋ ትበላ ጀመር። ከወር በላይ አላስመለሳትም፤ እናትየውም የመጋረጃውን ንዴት መርሳት ጀምራ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የትምህርት ፕሮግራሙ ተቀየረ። ከእረፍት በኋላ የነበረው ሒሳብ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጣ። አዲሱ ፕሮግራም በጀመረበት ሰኞ ጠዋት ትሩፋት በር ላይ አስመለሳት። ያኔ ነው ለተናኘወርቅ የበራላት። ልጅቷን ይዛ ስትጠይቃት ቀስ በቀስ ወጣ። የሒሳቡ መምህር ወጋየሁ የተሳሳተውን ሰሌዳው ሥር ያንበረክካል፣ ውስጥ እጁን በጎማ ይገርፋል፣ ከዚያ ሰማንያ ተማሪ አንድ ላይ እንዲስቅበት ያዛል።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ አይደለሽ የፈቀድሽለት?» አለች ትሩፋት።

እውነቷን ነው። መስከረም ላይ፣ ምዝገባ ዕለት፣ ግቢ ውስጥ ከመምህሩ ጋር ሲተዋወቁ ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ፣ ልጅዎ ናት፣ ካጠፋች ይግረፏት፣ ብቻ ያስተምሩልኝ ብላው ነበር። ለወጉ ነው እንጂ! የማያውቀው ወላጅ የለም፤ አስተማሪ ፊት የቆመ ሁሉ የሚለው ነው። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ እጇን ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ያን ጠዋት ተናኘወርቅን ያስጠላት ቸኮልም ወጋየሁም አይደለም። የገዛ አፏ ነው።

ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ልጇን እየመራች ክፍሉ በር ላይ ደረሰች። መምህር ወጋየሁ ጎማውን እንደያዘ ዞር አለ።

«መምህር፣ መስከረም ላይ ይግረፏት ብዬዎት ነበር» አለች። «ያንን ቃሌን አንስቻለሁ። ልጆቹ ይስሙልኝ ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ወላጅ ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያስረክበን፣ ምን አዲስ ነገር አለው ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ፤ እንደ ልማዱ ሊያስቃቸው። አንድም የሳቀ አልነበረም። ትሩፋት በእናቷ ክንድ ሥር አልፋ ገባችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ማርቲ ደግሞ ብድግ አለች።

«እትዬ ተናኘ» አለች፣ «የኔም እናት ይግረፏት ብላለች። የኔንም ያንሱልኝ።»