አንደኛ ቤዝ ላይ ማን ይቁም

በእኛ በቪያ ሴኒሳ ያኒኬኬ ልግዛ ብሎ የሄደ ሰው ያኒኬኬውን ብቻ ይዞ ተመልሶ አያውቅም። ዶኛ ሊዮካዲያ ስሱን ሊጥ የፈላ ዘይት ውስጥ ጣል አድርገው እስኪነፋ ድረስ፣ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን የቆንጨራዎቹ ጉድለት አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ሱቃቸው የቤታቸው መስኮት ነው። ገዢው ከውጭ ቆሞ ይሰማል፣ እሳቸው ከውስጥ ሆነው ይፈርዳሉ።

«ያንን ግራኝ ወርዋሪ ለምን ለቀቁት?» ይላሉ መጥበሻውን እየነካኩ። «ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ክንዱ አልተነካም። በምትኩ ያመጡት ማንን ነው? ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ቤዝ የሚደርስ ሰውዬ!»

«ልምድ አለው እኮ ዶኛ» ይላል አንድ ደፋር።

«ልምድማ እኔም አለኝ። ታዲያ እኔን ለምን አላስፈረሙኝም?»

ደግሞ የሚያናድደው፣ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። ቦርጫሙ ሰውዬ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ወጣቱ ግራኝ በሄደበት ቡድን ስሙ ገነነ። ዶኛ ሊዮካዲያ ይህን ለመጣው ሰው ሁሉ ሲያስታውሱ ከረሙ።

ጨዋታውን የተማሩት ስኳር ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ወንድሞቻቸው ኳስ የሚቀበልላቸው ሲያጡ፣ ከወተት ካርቶን የተሠራ ጓንት አጥልቀውላት ትንሿን እህታቸውን ከመቺው ጀርባ አስቀመጧት። የዶኛ የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት እስከ ዛሬ ጠማማ የሆነው ያኔ ነው። «ከዚያ ቦታ ሆኖ ያየ ሰው ሁሉን ያያል» ይላሉ። «ሌላው ጀርባ ያያል፣ ተቀባይ ፊት ያያል።»

ያገቡት የፋብሪካውን ሸንኮራ መዛኝ ሊብራዶን ነው። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሠራተኛ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነቀፋ ብቻ ነበረባቸው፤ የዋና ከተማው ቡድን የአዞዎቹ ደጋፊ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ሁለት ሬዲዮ ሲጮህ ኖረ፤ የእሳቸው ወጥ ቤት፣ የባላቸው መኝታ ቤት። ሊብራዶ ከሞቱ ወዲህ ዶኛ ሊዮካዲያ የባላቸውን ሬዲዮ በየሳምንቱ አቧራውን ይወለውሉ ነበር እንጂ አንድም ቀን አልከፈቱትም። አዞ በቤቴ አይጮህም ብለው ነበር።

ልጅ አልወለዱም። የክርስትና ልጅ ግን አላቸው፤ የጎረቤታቸው የኤውፌሚያ ልጅ ራዳሜስ። የሁለቱን አበልጆች ቤት የሚለየው ወገብ የማይደርስ ግንብ ነው። በዚያ ግንብ ላይ ሰሃን ሲሄድና ሲመለስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሰሃን ደግሞ በእኛ አገር ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢቀር ሁለት ሙዝ ይደረግበታል።

ራዳሜስ ሰባት ዓመት ሲሆነው ከመጀመሪያ ጨዋታው አቧራ ለብሶ መጣና መስኮቱ ሥር ቆመ። «ክርስትና እናቴ፣ ይባርኩኝ» አለ። «እግዜር ይባርክህ» አሉት። «ምን አዩ?» አላቸው። «ዓይንህን ጨፍነህ ነው የመታኸው» አሉትና ትኩስ ያኒኬኬ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ ሲመለስ ሳይቆም አያልፍም። አሜሪካ ሄዶ በትናንሽ ቡድኖች ስድስት ዓመት ሲንከራተት በደብዳቤ ይጠይቃቸው ነበር፤ በወሬ የሰሙትን ይዘው ይመልሱለታል። ትልቁ ሊግ ሳይሆንለት ቀርቶ ሲመለስ ቆንጨራዎቹ አንደኛ ቤዝ ላይ አቆሙት። ጺም ያበቀለ ግዙፍ ሰውዬ ሆኖም መስኮቱ ሥር ይቆማል። «ምን አዩ?» ይላል። እሳቸውም ያዩትን ይነግሩታል። በሕይወታቸው እንደዚያች ጥያቄ የሚወዱት ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የሬዲዮው የስፖርት አቅራቢ ቲርሶ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ዶኛ ሊዮካዲያ ይደውላል። ከተማው ሥራውን አቁሞ ይሰማል። የዚያን ቀን ቆንጨራዎቹ አምስት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈው ነበርና ዶኛ ሁሉንም ሲሸነቁጡ አንድ አድማጭ ስልክ መስመር ላይ ገባ።

«ዶኛ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ይገርፋሉ። አንደኛ ቤዝ ሲደርሱ ግን ምላስዎ ይታሰራል። ምነው? ክርስትና ስላነሱት ነው?»

ቲርሶ ሳቀ። የዶኛ ሊዮካዲያ ደም ፈላ።

«የማን ምላስ ነው የታሰረው? ስማ እንግዲህ! ራዳሜስ አልቆለታል። እግሩ ጋሪ ከሚጎትት በሬ እግር ይብሳል። ለፈጣን ኳስ ዱላው የሚደርሰው በማግስቱ ነው። ቦታውን ለዚያ ለተቀያሪው ወጣት ይልቀቅ! ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ተናገርኩ!»

ስልኩን ሲዘጉ ደስ ብሏቸው ነበር። ደስታው አንድ ያኒኬኬ ጠብሶ እስኪወጣ ድረስ እንኳ አልቆየም፤ ከግንቡ ወዲያ የኤውፌሚያ ሬዲዮ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ሰሙ።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ወጣቱን አንደኛ ቤዝ ላይ አሰለፈው። ምናልባት ቀድሞም አስቦት ይሆናል፤ ከተማው ግን ዶኛ አስወጣችው አለ። ራዳሜስ ከሜዳ ሲመለስ በመስኮቱ በኩል አለፈ። «ይባርኩኝ» አለ፤ ቡራኬ አይዘለልም። እግሩን ግን አላቆመም፤ «ምን አዩ»ም አላለም።

እሑድ ዶኛ ሊዮካዲያ ዓሣ በኮኮናት ሠርተው በግንቡ ላይ ላኩ። ሰሃኑ ሰኞ ተመለሰ፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን።  አንስተው መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀሉትና ማንም እንዳይነካው አሉ።

ሳምንታት አለፉ። ራዳሜስ ያልፋል፣ ይባርኩኝ ይላል፣ አይቆምም። ዶኛ ሊዮካዲያ ስለ ወርዋሪ ሲጠየቁ «እንጃ» ማለት ጀመሩ፤ ይህን የሰማ ሰው ታመዋል ብሎ ወሬ አዛመተ።

በገና ሰሞን ቆንጨራዎቹ ከውድድር ወጡ። በሊጋችን ልማድ፣ የወደቁት ቡድኖች ተጫዋቾች ይሰበሰቡና የተረፉት ቡድኖች የሚያጠናክራቸውን ከውስጣቸው ይመርጣሉ። ዓመቱን ሙሉ የተሳደብክበትን ቡድን ማሊያ የራስህ ሰው ሲለብስ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ዶኛ ሊዮካዲያ በዚያ ቀን መስኮታቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት።

በዚያ ዓመት ግን ሌላ ነገር ያብሰለስላቸው ነበር። ለሬዲዮ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ራዳሜስ በግራኝ ወርዋሪ ላይ ዓይኑ አልደከመም፤ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ገጥሟቸው ስድስት ጊዜ መትቷል። ያን ቀን ይህ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ቢናገሩት ያ ደዋይ «ይኸው አዳሉለት» ይላል ብለው ዋጡት። ላለማዳላት ሲሉ በገዛ ልጃቸው ላይ አዳሉ።

እንዲህ ያለ መቺ የሚያስፈልገው ቡድን ደግሞ አንድ ነው፤ አዞዎቹ። ቀሪዎቹ ተጋጣሚዎቻቸው በግራኝ የተሞሉ ናቸው። ዶኛ ሊዮካዲያ ሊጡን ሲደበድቡ አረፈዱ። በመጨረሻ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ራሳቸው ደወሉ።

«ቲርሶ፣ ሙዚቃህን አቁምልኝ። ኅዳር ላይ ግማሽ እውነት ነው የነገርኳችሁ። ሌላውን ግማሽ ላምጣ።» ሁሉንም ነገሩት፤ አሥራ ሁለቱን ሙከራ ከነቀኑ፣ ከነወርዋሪው ስም።

«ዶኛ፣ አዞዎቹ ይሰማሉ እኮ!»

«ይስሙ! ጆሮ ከተፈጠረላቸው።»

አዞዎቹ ራዳሜስን በመጨረሻው ምርጫቸው ወሰዱት። ከተማው ዶኛን መላወሻ አሳጣቸው። «ያኒኬኬው የአዞ ሥጋ አለበት እንዴ?» የሚላቸው በዛ። በግንቡ ላይ ግን ሰሃን አልመጣም።

የመጀመሪያው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር። ዶኛ ሊዮካዲያ መኝታ ቤት ገብተው የሊብራዶን ሬዲዮ ከፈቱ። ጣቢያው ባላቸው እንደተዉት ነበር። «አትሳቅ» አሉ ወደ ፎቶው ዞረው። በስምንተኛው ዙር ግራኝ ሲገባ ራዳሜስ ተቀይሮ ገባና ኳሱን ወደ አጥሩ ላካት። ዶኛ ሊዮካዲያ ጮኹ። በዚያችው ቅጽበት ከግንቡ ወዲያም ጩኸት ተሰማ። ወዲያው በሁለቱም ቤት ሬዲዮው ዝቅ ተደረገ።

በዚያ ወር አምስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ መታ። ከዚያ የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። ዘጠነኛ ዙር፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው አለ፣ አዞዎቹ በአንድ ነጥብ ወደኋላ ቀርተዋል። ራዳሜስ ዱላውን ይዞ ወጣ። የተጋጣሚው አሰልጣኝ ብልጥ ነበርና ግራኙን አስወጥቶ ቀኝ ወርዋሪ አስገባ።

«አውጣው!» ብለው ጮኹ ዶኛ ሊዮካዲያ በሬዲዮው ላይ። «ቀኝ ነው እኮ! ሌላ መቺ አስገባ፣ አንተ ደነዝ!»

የአዞዎቹ አሰልጣኝ አላወጣውም። ራዳሜስ ሦስቴ ሳተ። አዞዎቹ ከውድድር ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ራዳሜስ ሻንጣውን በትከሻው አንግቶ በመንገዱ ብቅ አለ። መስኮቱ ሥር አምስት ገዢዎች ነበሩ፤ አምስቱም ያኒኬኬያቸውን ማኘክ አቆሙ። ራዳሜስ መጣ፣ መጣና ቆመ።

«ክርስትና እናቴ፣ ይባርኩኝ።»

«እግዜር ይባርክህ።»

ዘይቱ ተንጫጫ። ከዚያ «ምን አዩ?» አለ።

 ዶኛ ሊዮካዲያ ያዩትን ነገሩት። «ያየሁት አሰልጣኙን ነው። ቀኝ ሲገባ ሊያወጣህ ይገባ ነበር። አንተም እንደ ልማድህ ትከሻህን ቀድመህ ከፍተሃል፤ በሬዲዮ እንኳ ያስታውቃል።»

«አውቃለሁ» አለ። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አልቆለታል ማለትዎ አይደለም ያስከፋኝ። እሱን ራሴም አውቀው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚች ቆሜ ጠይቄዎታለሁ። የዚያን ቀን ግን ከቲርሶ ሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።»

ዶኛ ሊዮካዲያ ማማሰያውን አስቀመጡ። «አጠፋሁ» አሉ። «ያ ደዋይ አዳላሽ ሲለኝ ለስሜ ሳሳሁና አንተን አሳልፌ ሰጠሁ። ለአንተ ነበር ቀድሜ መናገር የነበረብኝ። ይቅር በለኝ ልጄ።» አምስቱ ገዢዎች እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ መስኮት ወጥቶ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ስልኩ ጮኸ። አራት ሰዓት ነበር። ቲርሶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ምን ሊጠይቅ እንደሆነም ያውቃል።

«አያነሱትም?» አለ ራዳሜስ።

«ይጥራ።»

ራዳሜስ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «እንግዲህ ለእኔ ይንገሩኝ። ልተው ወይስ ልቀጥል?»

ዶኛ ሊዮካዲያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ገዢዎቹን በዓይናቸው ገፍተው አራቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ዓመት። በግራኝ ላይ ብቻ፣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳህ። ከዚያ በቃ።»

«እኔ እንኳ ሁለት ብዬ ነበር።»

«አንድ።»

«ምን አንድ ትያለሽ!» አለ ከግንቡ ወዲያ ሁለት ወር ያላናገራቸው ድምፅ። «ሁለት ይችላል ልጄ!»

ዶኛ ሊዮካዲያ ወደ ግንቡ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ ኤውፌሚያ? ያንቺ ዓይን የእናት ዓይን ነው!»

«ያንቺስ የማን ሊሆን ነው?»

 ስልኩ አሁንም ይጮሃል። ዶኛ ሊዮካዲያ ከመደርደሪያው ጫፍ ያንን ሰሃን አወረዱ፣ አራት ትኩስ ያኒኬኬ ጫኑበትና ለራዳሜስ አቀበሉት።

«ለእናትህ አድርስልኝ» አሉ። «ባዶውን እንዳትመልሰው በላት።»